ጥሰትና ከፊል ጥሰት፦ በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ለሚደርሱ የኤሌክትሪክ ክሥተቶች ስለ ቀረቡ የአማርኛ ስያሜዎች

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ የሣር ምድር ብዙ በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ስለ ሣሩና ስለ ጥንታዊ ጥበቃው የሚነገሩ ቃላትን ለመሰብሰብ ሄደን ሳለ አንድ ያልጠበቅነው ጽሑፍ እጃችን ገባ። ጽሑፉ የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ መብራት የተቋረጠባቸውን ቀናት የሚያሰፍሩበት ተራ ደብተር ነበር። በዚያ ደብተር ላይ፣ በአንድ ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀለው ትራንስፎርመር፣ በተለያየ ወቅት ሦስት ጊዜ አንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። «ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ» ይላል። ሽማግሌው ይህን የጻፉት በየጊዜው ለጥገና የመጣውን ሠራተኛ ጠይቀው የተሰጣቸውን መልስ ነው። በሦስቱም ጊዜ ወፍጮው ለሳምንታት ቆሞ እህል በአህያ ተጭኖ ወደ ሩቅ መንደር ተወስዷል፤ የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣም ሥራ አቁሟል።

«ተቃጠለ» ማለት ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ቃሉ የመጨረሻውን ውጤት እንጂ ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ አይናገርም። ከሦስቱ አንደኛው በመብረቅ፣ ሁለተኛው እርጥበት በገባበት ዘይት፣ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ለወራት ውስጥ ውስጡን ሲቦረብር በቆየ ጉዳት የደረሰ ሊሆን ይችላል። መንገዳቸው የተለያየ ከሆነ መከላከያቸውም የተለያየ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል የሚመዘግብ ሰው አዲስ ዕቃ ከመትከል በቀር ሌላ መፍትሔ ሊያስብ አይችልም፤ አዲሱም ዕቃ አሮጌው በሄደበት መንገድ ይሄዳል።

በወቅቱ ያነጋገርነው ሠራተኛ ልዩነቱን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ የቀረውንም በእጁ እያሳየ አስረድቶናል። ዕውቀቱን በጽሑፍ ለማስፈር ሲሞክር ግን የሚጽፍበት ቃል አጣ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ የቃል ማጣት ነው። ዓላማውም በከፍተኛ ኃይል ትራንስፎርመሮች የከለላ ዘይት ውስጥ የሚደርሱትን የኤሌክትሪክ ክሥተቶች በቅደም ተከተል ካብራራ በኋላ፣ ለእያንዳንዳቸው ሊሆን የሚችለውን የአማርኛ ስያሜ ከነምክንያቱ ለአንባብያን ማቅረብ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ የሙያ ዘርፎች የአማርኛ ቃል አግኝተዋል፤ ሆኖም የስያሜ ሥራ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚዘጋ መዝገብ አይደለም።

2. የዘይቱ ተግባር

ትራንስፎርመር ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ፣ ዝቅተኛውንም ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ መሆኑ ይታወቃል። በአገራችን በየመንደሩ ምሰሶ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ተቀብሎ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርዳል። ከዚህ እጅግ የሚበልጡትም በማከፋፈያና በማመንጫ ጣቢያዎች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ ያህል ከሕዳሴ ግድብ ኃይል የሚወጣው በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ትንሹም ሆነ ትልቁ በውስጡ የብረት እምብርት፣ በወረቀት የተጠቀለለ የመዳብ ወይም የአሉሚንየም ጥቅል ሽቦ፣ ይህንም ሁሉ የሚያጠልቅ ከነዳጅ የተጣራ ዘይት አለው።

ዘይቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ከጥቅሉ የሚወጣውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ጋኑ ግድግዳ ያደርሳል። ሁለተኛ፣ በወረቀቱ ቀዳዳዎችና በጥቅሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ሁሉ ገብቶ ኤሌክትሪክ ካልተፈቀደለት መንገድ እንዳይሻገር ያግዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው።

የዘይቱን የማገድ ብርታት ለመለካት በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ የተወሰነ አንድ የታወቀ ፈተና አለ። ናሙናው በትንሽ ዕቃ ይሞላል፤ በውስጡም ሁለት የብረት ጫፎች በ2.5 ሚሊሜትር ርቀት ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቮልቴጁ በሰከንድ 2 ኪሎ ቮልት እየጨመረ እንዲሄድ ይደረግና ዘይቱ የሚሸነፍበት መጠን ይመዘገባል። ይህ ስድስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል። አዲስ ዘይት ከበርሜል እንደወጣ ከ30 ኪሎ ቮልት እንዳያንስ፣ ተጣርቶና እርጥበቱ ተወግዶ ሲፈተን ደግሞ ከ70 ኪሎ ቮልት እንዳያንስ ደንቡ ይጠይቃል። አየር በባሕር ወለል ላይ በአንድ ሚሊሜትር 3 ኪሎ ቮልት ገደማ ብቻ እንደሚቋቋም ስናስታውስ፣ ንጹሕ ዘይት ምን ያህል ብርቱ አጥር እንደሆነ እንረዳለን።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ያው አንድ ዘይት ባልተጣራ ጊዜ ከ30 ሲጀምር በተጣራ ጊዜ 70 መድረሱ፣ ብርታቱ ከዘይቱ ባሕርይ ይልቅ በውስጡ ከተቀላቀለው ነገር የሚወሰን መሆኑን ያሳያል። የዘይት ጠላቶች ውሃ፣ የወረቀት ክር፣ የብረት ብናኝና የጋዝ አረፋ ናቸው።

3. በዘይት ውስጥ የሚሆነው

ኤሌክትሪክ አጥሩን የሚያልፈው በአንድ ጊዜ አይደለም። ሂደቱን በአራት ደረጃ ከፍለን እንመልከተው።

መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መስኩ በአንድ ቦታ ላይ ይበረታል። ሹል ጠርዝ፣ በወረቀት ውስጥ የቀረ የአየር ክፍተት ወይም የእርጥብ ክር ጫፍ ለዚህ ምክንያት ይሆናል። በተለይ የጋዝ አረፋ ሁለት ጊዜ የተጎዳ ቦታ ነው፤ ከዘይቱ ይልቅ ደካማ ሆኖ ሳለ ከዘይቱ የበለጠ መስክ ይሸከማልና።

ሁለተኛ፣ በዚያች ደካማ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ የሙል መለቀቅ ይደርሳል። ይህ ከአንዱ አስተላላፊ ተነሥቶ ወደ ሌላው አይደርስም፤ የአጥሩን ጥቂት ክፍል ብቻ ያልፍና ይቆማል። መጠኑ በፒኮኩሎምብ፣ ማለትም በኩሎምብ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮንኛ እጅ ይለካል። መብራት አይጠፋም፣ ፊውዝ አይቆረጥም፣ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ሆኖም ተለዋዋጩ ጅረት በሰከንድ 50 ዙር የሚያደርግ በመሆኑ ይህ ጥቃቅን ክሥተት በየዙሩ ሊደጋገም ይችላል። በተደጋገመ ቁጥር ዘይቱን ይሰባብራል፣ ወረቀቱን ያከስላል፣ አዳዲስ የጋዝ አረፋዎችንም ይፈጥራል። ነቀዝ እህልን እንደሚቦረብር ነው።

ሦስተኛ፣ መስኩ በበቂ ሲበረታ ከጫፉ ላይ እንደ ሥር ወይም እንደ ሐረግ ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ ፊት የሚያድግ ቀጭን የጋዝ መንገድ ይወጣል። ዝግተኛው ዐይነት በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቀጥሎ ያለው በሰከንድ ከአንድ እስከ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ቮልቴጁ እጅግ ከፍ ሲል ደግሞ እስከ 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት በቤተ ሙከራ ተለክቷል። ከአዎንታዊው ጫፍ የሚነሣው ከአሉታዊው ከሚነሣው ይልቅ ፈጣንና ሩቅ ተጓዥ ነው።

አራተኛ፣ ያ ቅርንጫፍ ተቃራኒውን ጫፍ ሲነካ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ይከፈታል። በዚህን ጊዜ አጥሩ የለም፤ ከፍተኛ ጅረት ያልፋል፣ በሺሕ በሚቆጠር ዲግሪ የሚግል ቅስት ይፈጠራል፣ ዘይቱ በቅጽበት ወደ ጋዝ ተለውጦ በጋኑ ውስጥ ግፊቱ ይንራል። መንደርተኛው «ፈነዳ» የሚለው ይህን ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ማስጠንቀቂያ ሲሆን አራተኛው ፍጻሜ ነው። በመካከላቸው ቀናት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ደግነቱ ዘይቱ ራሱ ምስክር ነው። ሁለተኛው ደረጃ በሚደጋገምበት ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጋዝ ሃይድሮጅን ሲሆን፣ ከፍተኛ ሙቀት ያለው ቅስት በተነሣበት ዘይት ውስጥ ግን የብረት በያጆች የሚያውቁት አሲቲሊን ይገኛል፤ ይህ ጋዝ በበቂ መጠን እንዲፈጠር ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ያስፈልጋልና። በ1921 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ማክስ ቡክሆልዝ የፈለሰፈው መሣሪያ በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ላይ የተጠራቀመውን ጋዝ ተመልክቶ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ኩቤክ ተመራማሪው ሚሼል ዱቫል በዘይት የሟሙትን የሦስት ጋዞች ድርሻ በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ በማስፈር የጉዳቱን ዐይነት ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አቅርቧል። እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ግን ዘይቱ የመሰከረውን በቃል ለይቶ የሚጽፍ ሰው ሲኖር ነው።

4. የጓሳ ከፍታና ብርድ

ስለ ዘይት ስንናገር ስለ ጓሳ ማንሣታችን ደብተሩን ያገኘነው በዚያ አካባቢ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ደጋው ራሱ የስያሜውን ልዩነት ግድ የሚያደርግ አስተማሪ ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የማገድ ብርታቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ትራንስፎርመሮችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ የተለመደውን ርቀት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ብቻ ይፈቅድና፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ በአየር ውስጥ ያለው ክፍተት በመቶ 1 እንዲጨምር ያዛል። ለ3400 ሜትር ይህ በመቶ 24 ጭማሪ ይሆናል። የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም፤ በተፈጥሮ ነፋስ ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር የተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ከ1000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ ለ3400 ሜትር 6 ዲግሪ ማለት ነው።

እንግዲህ በጋኑ ውስጥ ያለው ዘይት ከፍታውን እምብዛም አያውቀውም፤ ከጋኑ ክዳን በላይ ባለው የሸክላ አንገት ዙሪያ ያለው አየር ግን ያውቀዋል። በሸክላው ገጽ ላይ፣ በተለይም ጉምና አቧራ በተገናኙበት ሌሊት፣ እየተሳበ የሚያልፍ ብልጭታ አንድ ነገር ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ረዘም ያለ ሸክላና ጽዳት ሲሆን፣ የሁለተኛው ዘይቱን ማጣራት ነው። «ሾርት አደረገ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሁለቱን ያዋሕዳቸዋል።

ብርዱም የራሱ ሥራ አለው። በበጋ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የጓሳ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዘይት ደግሞ ሊያሟማ የሚችለው ውሃ በሙቀቱ ይወሰናል፤ በ40 ዲግሪ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ዘይት 120 እጅ ያህል፣ በ20 ዲግሪ 55 እጅ ያህል፣ በ0 ዲግሪ ግን 22 እጅ ያህል ብቻ ነው። 30 እጅ ውሃ ያለበት ዘይት በሥራ ላይ ሳለ በ40 ዲግሪ ችግር አይታይበትም፤ ውሃው ከሚችለው አንድ አራተኛው ብቻ ነውና። መብራት ተቋርጦ ትራንስፎርመሩ በብርዱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግን ከልክ ያለፈው ውሃ በጥቃቅን ነጠብጣብ መልክ ይወጣል፤ ወረቀቱም ይህን ውሃ መልሶ የሚመጠው በዝግታ ነው። ንጋት ላይ መብራት ሲመለስ ዘይቱ ከወትሮው ይልቅ ደክሞ ይገኛል። ሰው «መብራት በመጣ በደቂቃው ተቃጠለ» ሲል ጥፋቱን በመጣው መብራት ላይ ያደርጋል፤ ጥፋቱ ግን ቀስ በቀስ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠው እርጥበት ነው።

መብረቅም በደጋ ላይ እንግዳ አይደለም። የመብረቅ ማዕበል በመስመሩ ተጉዞ ትራንስፎርመሩን ሲመታ ከሚሊዮንኛ ሰከንድ እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደ ጣሪያው ይወጣል። በዚህ አጭር ጊዜ እርጥብ ክሮች ተንቀሳቅሰው ድልድይ ሊሠሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ዘይት ለአጭር ምት ከዘወትሩ ጅረት ይልቅ እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይቋቋማል። በመብረቅ የተሸነፈ ዘይትና በእርጥበት የተሸነፈ ዘይት ምክንያታቸው ለየቅል መሆኑ ከዚህም ይታወቃል።

5. ስያሜውን ስለ መምረጥ

እንግሊዝኛው ከላይ የዘረዘርናቸውን አብዛኞቹን «ዲስቻርጅ» በሚል አንድ ቃል ሥር ይሰበስባቸዋል። ይኸው ቃል ባትሪ ሲያልቅ፣ ወንዝ ሲፈስ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ፣ በሽተኛም ከሆስፒታል ሲወጣ ያገለግላል። አማርኛ ለእነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ግሥ ስላለው የእንግሊዝኛውን ጥቅል ተሸክሞ መምጣት አያስፈልገውም። በትምህርት መጻሕፍት «ቻርጅ» የተባለው «ሙል» መባሉ የታወቀ ስለሆነ፣ ባትሪን ለመሰለ ነገር «ሙል መልቀቅ» ይበቃል። በአጥር ውስጥ ለሚያልፈው ክሥተት ግን መልቀቅ አይስማማም። ማንም አልለቀቀውም፤ ታግዶ ሳለ ነው የወጣው።

ለዚህ ክሥተት ሌሎች ቋንቋዎች ምን እንዳሉ መመልከት ጠቃሚ ነው። ጀርመንኛው «ዱርሽላግ»፣ ሩስኛውም «ፕሮቦይ» ሲሉ ሁለቱም መትቶ ማለፍን ይጠቁማሉ። ፈረንሳይኛው «ክላካዥ» ከድምፁ ተነሥቷል። ዐረብኛው «ኢንሂያር» መፍረስን ይናገራል። እያንዳንዱ ከክሥተቱ አንድ ገጽታ ይዟል።

ለአማርኛው በመጀመሪያ የታየው «ብልጭታ» ነበር። ቃሉ ሕያውና ግልጽ ነው፤ ሆኖም ዐይን የሚያየውን የሚሰይም ነው። በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ የሚደርሰውን ማንም አያየውም። ከዚህም ሌላ «ብልጭ አለ» አላፊና ቀላል ነገርን ስለሚያመለክት የጉዳቱን ክብደት ያሳንሳል።

ሁለተኛው «መበሳት» ነው። ይህ ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን የተበሳ ነገር ተበስቶ ይቀራል። ወረቀት ወይም ሸክላ እንደዚያ ነው። ዘይት ግን ፈሳሽ በመሆኑ ቀዳዳው ተመልሶ ይደፈናል፤ ብርታቱንም በከፊል መልሶ ያገኛል። ስለዚህ «መበሳት» ለጠጣር ከለላ ብቻ እንዲቀመጥ ይገባል።

ሦስተኛውና እኛ የመረጥነው «ጥሰት» ነው። «ጣሰ» በመሠረቱ የሚታገድ ነገር አጋጁን አልፎ መሄዱን ያመለክታል። ከብት አጥር ጥሶ ይገባል፤ ጎርፍ እርከን ይጥሳል፤ ሰው ሕግን ይጥሳል። በዛሬ ዘመን ቃሉ በሕግ ቋንቋ እጅግ ስለተለመደ «የመብት ጥሰት»ን ያሳስባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የሕጉ ትርጉም ከአጥሩ ትርጉም የተወረሰ እንጂ ተቃራኒው አይደለም። ከሁሉ በላይ ቃሉ ግሥ አለው፤ ሠራተኛው «ዘይቱ ተጣሰ»፣ «በ28 ኪሎ ቮልት ተጣሰ»፣ «ከፊል ጥሰት ይታይበታል» ብሎ ያለ ችግር ሊጽፍ ይችላል። ግሥ የሌለው የሙያ ቃል በመዝገበ ቃላት ይኖራል እንጂ በሠራተኛ አፍ አይኖርም።

«ከፊል ጥሰት» ማለትስ እርስ በርሱ አይቃረንም ወይ? የተጣሰ ነገር ተጥሷል፤ ግማሽ ጥሰት አለ ወይ? የሚል ጥያቄ በውይይታችን ጊዜ ተነሥቶ ነበር። መልሱን ያገኘነው ከጓሳው ታሪክ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ እንደነበረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪሽረው ድረስ፣ የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች የመረጧቸው አለቆች ጓሳውን ለተከታታይ ዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ዘግተው የሚያስጠብቁበት ነበር። በእንዲህ ያለ ጥበቃ አንድ ሰው በሌሊት ገብቶ አንድ ሸክም ሣር ቢያጭድ ጥበቃው በአንድ ጥግ ተጥሷል፤ ጓሳው ግን አልጠፋም። ያ አንዱ በወቅቱ ካልታወቀና ካልተቀጣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይከተላሉ፤ በመጨረሻ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይገባል። ያን ጊዜ የቀረ ጥበቃ የለም። አንደኛው ከፊል ጥሰት፣ ሁለተኛው ሙሉ ጥሰት ነው። ጠባቂው የሚቆመውም የመጀመሪያውን ዐይቶ ሁለተኛውን ለመከልከል ነው። የትራንስፎርመር ዘይት ምርመራም ከዚህ የተለየ ዓላማ የለውም።

ስለ ሌሎቹ ቃላት ባጭሩ እንናገር። «ኢ-አስተላላፊ» የአንድን ነገር ባሕርይ እንጂ የተሰጠውን ሥራ አይገልጽም፤ ደረቅ አሸዋም ኢ-አስተላላፊ ነው። ሥራውን ለመግለጽ «ከለለ» ከሚለው ግሥ ባለቤቱን ብናወጣ «ከላይ» ይሆንና «ከላይ ዘይት» የሚለው «ከታች ዘይት» ያለ ይመስል አንባቢን ያሳስታል። «የከለላ ዘይት» ግን ከዚህ ነጻ ነው። በሹል ጫፍ ዙሪያ በአየር ውስጥ ለሚታየው ደካማ ብርሃን በብዙ ቋንቋዎች «ኮሮና» የሚባለው የላቲን ቃል ዘውድ ማለት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቃል በአገራችን ከበሽታው ሌላ ትርጉም ስለማይታወቅ፣ «መስመሩ ላይ ኮሮና አለ» የሚል ጽሑፍ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም፤ «አክሊል» ከዚህ ያድነናል። «ሐረግ» በሰዋስው የታወቀ ቃል ቢሆንም በዘይት ውስጥ ከሚያድገው ቅርንጫፋማ መንገድ ጋር መልኩ ስለሚመሳሰልና ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ገጽ ስለማይገናኙ ግጭት አይፈጥርም።

6. የቀረቡ ቃላት

የከለላ ዘይት፦ አስተላላፊ ክፍሎችን በኤሌክትሪክ ለመለያየትና ለማቀዝቀዝ የሚያገለግል የተጣራ ዘይት።

የማገድ ብርታት፦ ከለላው ሳይጣስ ሊቋቋመው የሚችለው ከፍተኛው የኤሌክትሪክ መስክ፤ በሚሊሜትር በኪሎ ቮልት ይለካል።

ጥሰት፦ ኤሌክትሪክ ከለላውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሁለት አስተላላፊዎችን ማገናኘቱ። ከለላው ጋዝ፣ ፈሳሽ ወይም ጠጣር ሊሆን ይችላል።

የጥሰት ቮልቴጅ፦ በተወሰነ የፈተና አደራረግ ጥሰት የሚደርስበት ቮልቴጅ።

ከፊል ጥሰት፦ የከለላውን አንድ ክፍል ብቻ አልፎ የሚቆም፣ ሁለቱን አስተላላፊዎች የማያገናኝ የሙል መለቀቅ።

ዝላይ፦ በጋዝ ወይም በፈሳሽ ከለላ ውስጥ የሚደርስ ጥሰት።

ገጽ ጥሰት፦ በጠጣር ከለላ ገጽ ላይ፣ በአየር ወይም በዘይት ውስጥ፣ የሚደርስ ጥሰት፤ ለምሳሌ በሸክላ አንገት ላይ።

መበሳት፦ በጠጣር ከለላ ውስጥ የሚደርስና ተመልሶ የማይድን ጥሰት።

ሐረግ፦ ከጥሰት በፊት ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ቅርንጫፍ እያወጣ በዘይቱ ውስጥ የሚያድግ የጋዝ መንገድ።

አክሊል፦ በአየር ወይም በሌላ ጋዝ ውስጥ በአስተላላፊ ዙሪያ የሚደርስ ከፊል ጥሰት፤ ብዙውን ጊዜ በደካማ ብርሃንና በሚንሿሿ ድምፅ ይታወቃል።

ቅስት፦ ከጥሰት በኋላ በተከፈተው መንገድ የሚቀጥል ብርቱና የጋለ የጅረት ፍሰት። ቃሉ በጂኦሜትሪ ለክብ ቁራጭ የተለመደ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩም በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች እንደ ቀስት ተለጥጦ በመታየቱ በሌሎች ቋንቋዎችም በዚሁ ስም ተጠርቷል።

የሟሙ ጋዞች ምርመራ፦ በዘይቱ ውስጥ የሟሙትን ጋዞች ዐይነትና መጠን በመለካት የጉዳቱን ምንነት መለየት።

«ትራንስፎርመር»፣ «ቮልቴጅ»፣ «ፊውዝ» የመሳሰሉትን ለመለወጥ አልሞከርንም። እነዚህ በሕዝብ አፍ ገብተው ቤተኛ ሆነዋል፤ ቤተኛን ማስወጣት የስያሜ ሥራ አይደለም።

7. መደምደሚያ

የሙያ ቃል ዋጋ የሚታወቀው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን በሥራ ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ተነሣንበት ደብተር እንመለስ። በነዚህ ቃላት ቢጻፍ ኖሮ ሦስቱ ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገሮች ምናልባት እንዲህ ሆነው በተገኙ ነበር፦ «ጉም በነበረበት ሌሊት በሸክላው አንገት ላይ ገጽ ጥሰት ደረሰ፤ ዘይቱ ደኅና ነው።» «መብራት ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ ዘይቱ ተጣሰ፤ ናሙናው እርጥበት አለው።» «ቀድሞ በተወሰደው ናሙና ሃይድሮጅን በዝቶ ነበር፤ ከፊል ጥሰቱ ወረቀቱን በስቶ ወደ ቅስት አደረሰ።» የመጀመሪያውን የሚያነብ ኀላፊ ለከፍታው የሚስማማ ረዘም ያለ ሸክላ ያዝዛል፤ ሁለተኛውን የሚያነብ ዘይቱን ያስጣራል፣ የመተንፈሻውንም እርጥበት መጣጭ ይቀይራል፤ ሦስተኛውን የሚያነብ በሌላው ምሰሶ ላይ ካለው ትራንስፎርመር ጊዜው ሳያልፍ ናሙና ያስወስዳል።

እነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በእውነት የደረሰውን ይገልጻሉ አንልም፤ የደረሰው አልተጻፈምና ከእንግዲህ አይታወቅም። የጠፋውም ይህ ነው። ከላይ የቀረቡት ቃላት በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ተጠቅመውባቸው የማይመቻቸውን እንዲነግሩን፣ የተሻለ የሚያውቁም እንዲልኩልን እንጠይቃለን። በተለይ በየአካባቢው የመስመር ሠራተኞች ለነዚህ ክሥተቶች ራሳቸው ያወጧቸው ቃላት ቢኖሩ፣ እኛ ካቀረብናቸው ይልቅ እነርሱን ለመቀበል ዝግጁዎች ነን።